የመሬት ጎጆ ያላቸው ወፎች ራሳቸውን እንዴት እንደሚከላከሉና በሣር አጨዳ ጊዜ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ቆቅ፣ ጅግራና ሌሎች ብዙ የመስክ ወፎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በመሬት ላይ ነው። ጎጆ ይባል እንጂ ብዙውን ጊዜ በእግር የተጫረች ጎድጓዳ ቦታ ናት። በመሆኑም ቀበሮ፣ ሸለምጥማጥ፣ ቁራና እባብ በቀላሉ ይደርሱባታል።

ዋናው መከላከያ መደበቅ ነው። የቆቅ ላባ ከደረቀ ሣርና ከአፈር ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሳትንቀሳቀስ የተኛች ቆቅ በቅርብ ለሚያልፍ ሰው እንኳ አትታይም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የምትገኝ አንዲት ትንሽ የአሸዋ ወፍ ደግሞ ከጎጆዋ ስትነሣ እንቁላሎቿን በእግሯ አሸዋ ታለብሳቸዋለች። ሽታም ይደበቃል። አንዳንድ የውኃ ዳር ወፎች በመታቀፊያ ወራት የላባቸው ቅባት በቀላሉ ወደማይተን ዓይነት ይለወጣል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህን ቅባት የሠለጠነ ውሻ እንኳ አሽትቶ ለማግኘት ይቸገራል።

መደበቅ ካልሆነ ማታለል ይከተላል። እናቲቱ ክንፏ እንደ ተሰበረ መስላ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀች ጠላቷን ከጎጆው ታርቃለች፤ ከራቀላት በኋላ ብድግ ብላ ትበራለች። እረኞች ይህን ተንኮል ያውቁታል። በመስክ ላይ የሚጮኹት ባለ ረጅም እግር ወፎች ደግሞ ክንፋቸውን ዘርግተው በከብት ፊት ይቆማሉ፤ ከብቱም መንገዱን ይለውጣል።

ይሁን እንጂ ከአውሬ የሚያድነው ዘዴ ከማጭድ አያድንም። ወፏ እስከ መጨረሻው ተኝታ ስለምትቆይ በጎጆዋ ላይ እንዳለች ትታጨዳለች። ስለዚህ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በደቦ ሲያጭዱ ከመስኩ መካከል ጀምረው ወደ ዳር ቢወጡ ይመረጣል። ከዳር ዙሪያውን ተከቦ ሲታጨድ ጫጩቶቹ መሐል ተከበው ይቀራሉ። ጎጆ የተገኘ እንደ ሆነ እንቁላሉን ሳይነኩ፣ በዙሪያው 5 እርምጃ ያህል ሣር ሳይታጨድ መተው ያስፈልጋል። ወደ ጎጆው ደጋግሞ መሄድ አይገባም፤ ቁራ ሰው የሚመላለስበትን ያያል። ጅግራ የምትታቀፈው 4 ሳምንት ያህል ሲሆን ጫጩቶቿ እንደ ተፈለፈሉ ብዙም ሳይቆዩ ጎጆውን ስለሚለቁ፣ የተተወው ሣር ከዚያ በኋላ ሊታጨድ ይችላል።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው የበርጋ ረግረግ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል የተመዘገበች፣ ክንፏ ነጭ ያለበት ትንሽ ወፍ በሐምሌና በነሐሴ እዚያው ረግረግ ሣር ውስጥ ትፈለፍላለች። በእንደዚህ ያለ ቦታ የሚሠራ የልማት ሠራተኛ ከብት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ወደ ረግረጉ እንዳይገባ ከማኅበሩ አባላት ጋር ቢስማማ፣ ሣሩም አድጎ ለድርቆሽ ይበቃል።