ሲንደሬላ ለምን ትታዘዛለች?

የቆዩ ተረቶችን ከልጅቷ ወገን ቆመው ለአፍላ ወጣቶች እንደገና የሚተርኩ ልብ ወለዶች በእንግሊዝኛው የመጻሕፍት ዓለም ራሱን የቻለ ዘርፍ ከሆኑ ሰነባብተዋል። ሮቢን ማኪንሊ «ቢዩቲ»ን በ1978 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ጌይል ካርሰን ሌቪን «ኤላ ኢንቻንትድ»ን በ1997፣ ማሊንዳ ሎ «አሽ»ን በ2009፣ ኬይሊን ቤይረን «ሲንደሬላ ኢዝ ዴድ»ን በ2020 አሳትመዋል። ታሪኩ የታወቀው ተረት ነው፤ የሚለወጠው የሚናገረውና የሚወስነው ሰው ነው። ለትውውቅ ያህል ይህ ይበቃል። በዝምታ መታለፍ የሌለበት ግን በዘርፉ ላይ ደጋግሞ የሚነሳው ክስ ነው፤ «ጥንታዊውን ተረት አበላሹት» የሚለው።

ክሱ የሚጸናው እጅ ያልነካው ጥንታዊ ተረት አንድ ቦታ ተቀምጧል ብለን ካመንን ብቻ ነው። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ያኮብና ቪልሄልም ግሪም የተረት ስብስባቸውን የመጀመሪያ ቅጽ ያወጡት በ1812 ነው፤ ሰባተኛውና የመጨረሻው እትም የወጣው በ1857። በእነዚህ 45 ዓመታት ውስጥ ተረቶቹ ባሉበት አልቆዩም። በመጀመሪያው እትም ስኖው ዋይትን ልታስገድል የምትሞክረው የገዛ እናቷ ናት፤ በ1819 እናትየዋ እንድትሞት ተደርጎ ክፋቱ ለእንጀራ እናት ተሰጠ። ሃንሰልና ግሬተልን ጫካ የምታስጥለውም በመጀመሪያ የወለደቻቸው ነበረች፤ እሷም ኋላ የእንጀራ እናት ሆነች። ራፑንዜል ልብሷ ለምን እየጠበባት እንደሄደ በየዋህነት ስትጠይቅ የ1812 አንባቢ ማርገዟን ይረዳ ነበር፤ ይህም ለልጆች ጆሮ አይገባም ተብሎ ወጣ። ተመራማሪዋ ሩት ቦቲግሃይመር እትሞቹን ጎን ለጎን አድርጋ ስትመረምር ደግሞ እንደ ሲንደሬላ ያሉ መልካም ልጃገረዶች በራሳቸው አንደበት የሚናገሩት ከእትም ወደ እትም እየቀነሰ መሄዱን አሳይታለች። እንግዲህ ከጥንት የወረስነው የሚመስለን የልጅቷ ዝምታ፣ ቢያንስ በከፊል፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አርታኢ ብዕር ውጤት ነው። ልዕልቲቱ እንቁራሪቱን ስማ ልዑል አደረገችው የሚለውም በግሪም መጽሐፍ የለም፤ እዚያ ተናዳ ከግድግዳ ጋር ነው የምታጋጨው። የዲዝኒን የ1937 «ስኖው ዋይት» ወይም የ1950 «ሲንደሬላ» ፊልም «ዋናው ተረት» ብሎ የሚሟገት ሰው ቢያንስ ይህን ያህል ማጣራት ነበረበት።

የባለቀይ ቆቧ ልጅ ነገር ይብሳል። ሻርል ፔሮ በ1697 ባሳተመው ትረካ ተኩላው ልጅቷን ይበላታል፤ ታሪኩም እዚያው ያልቃል። አዳኝ መጥቶ የሚያወጣት በግሪሞች ዘንድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከፈረንሳይ ገጠር በተጻፈው የቃል ትረካ ግን ልጅቷን የሚያድናት ማንም የለም። «ልጸዳዳ ልውጣ» ትላለች፤ ተኩላው እንዳታመልጠው እግሯን በገመድ ያስራታል፤ እሷ ገመዱን ፈትታ ዛፍ ላይ ታስርና ቤቷ ትገባለች። ይህ ትረካ የተመዘገበው ከፔሮ ዘመን በኋላ ስለሆነ የትኛው ይቀድማል የሚለው ማከራከሩ አይቀርም። የማያከራክረው፣ በብልሃቷ ራሷን የምታድን ልጅ የዘመናችን ደራሲያት ፈጠራ አለመሆኗ ነው። የገጠር ሰው በቃል ሲያወራት ኖሯል።

«ተረት ለሕፃናት ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ምን ይሠራለታል?» የሚሉም አሉ። መልሱ ተረቶቹ ውስጥ ነው። በግሪሞች ትረካ ራፑንዜል ግንብ ውስጥ የምትዘጋው በ12 ዓመቷ ነው፤ የምትተኛዋ ልዕልት እንዝርቱ የሚወጋት 15 ዓመት በሞላት ዕለት ነው። በዴንማርካዊው ደራሲ አንደርሰን የ1837 ተረትም የባሕሯ ልጅ ወደ ውኃው ወለል እንድትወጣ የሚፈቀድላት በ15 ዓመቷ ነው። ሰውነቷ ሲለወጥ፣ ቤተሰብ በር ሲዘጋባትና የምታገባው ሰው ሲታሰብላት የሚሆነውን ነው የሚተርኩት። ጉዳዩ ከማንም በላይ የሚመለከተው አፍላ ወጣቷን ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ እነዚህ መጻሕፍት ስብከት ናቸው የሚለው። ፔሮ ራሱ በየተረቱ መጨረሻ በግጥም ምክር ያስከትል ነበርና ስብከቱ አዲስ አይደለም። ያም ሆኖ ተቃውሞው እውነት አለው። ለልዕልቲቱ ሰይፍ አስይዞ፣ የሚያገኛትን ወንድ ሁሉ ሞኝ አድርጎ ሥራው ያለቀ የሚመስለው ደራሲ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የልጅቷን ክንድ ያፈረጥማል እንጂ ተረቱን አይጠይቅም። የሌቪን «ኤላ ኢንቻንትድ» የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሌቪን የጀመረችው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ሲንደሬላ ይህን ሁሉ ለምን ትታዘዛለች? ተረቱ «ደግ ስለሆነች» ብሎ ያልፈዋል። ሌቪን ግን መታዘዙን እርግማን አደረገችው። ሉሲንዳ የምትባል መንፈስ ለሕፃኗ ኤላ ታዛዥነትን በስጦታ መልክ ትሰጣታለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም በቀጥታ ያዘዛትን ከማድረግ በቀር ምርጫ የላትም። የእንጀራ እኅቷ ሐቲ ምሥጢሩን ስትደርስበት የእናቷን የአንገት ጌጥ ትወስድባታለች፤ የምትወዳትን ጓደኛዋንም በትእዛዝ ታስተዋታለች። የምትወደው ልዑል እንድታገባው ሲጠይቃት ቃሉ እንደ ትእዛዝ ይይዛታል፤ ሆኖም ካገባችው ጠላት እሷን እያዘዘ ሊጎዳው እንደሚችል ታውቃለችና እምቢ ትላለች። እርግማኑን የሚሰብረው ይህ እምቢታ ነው። ከዚያ በኋላ በነጻ ፈቃዷ ታገባዋለች፤ ልዕልት መባልን ግን አትቀበልም፤ የቤተ መንግሥቱ የቋንቋ ሰውና የወጥ ቤት ረዳት ትሆናለች። ልዑሉ እዚህ ሞኝ አይደለም፤ ፍቅሩም አልተሰረዘም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምስጋና ሲቸረው የነበረው ታዛዥነት ሌሎች እንዳሻቸው የሚጠቀሙበት መሣሪያ መሆኑ ታየ። በ2004 የወጣውን ፊልም አይቶ መጽሐፉን እንዳነበበ የሚቆጥር ሰው ከዚህ አብዛኛው ያመልጠዋል።

መጽሐፍ ለሚመርጡ ወላጆችና መምህራን አንድ ማሳሰቢያ አለ። የአንጀላ ካርተር የ1979 «ዘ ብለዲ ቼምበር» የዘርፉ ታላቅ ምንጭ ቢሆንም የተጻፈው ለአዋቂዎች ነው፤ «ተረት» የሚለውን ብቻ አይቶ ለ12 ዓመት ልጅ መስጠት ግዴለሽነት ነው። በዚያ ዕድሜ በኤላ መጀመር ይሻላል፤ ከፍ ላሉት የኤማ ዶኖሂው «ኪሲንግ ዘ ዊች» ይከተላል። የ1812ቱን ግሪም ማመሳከር የሚፈልግም የጃክ ዛይፕስን የ2014 እንግሊዝኛ ትርጉም ያገኛል፤ በዚያ ውስጥ ክፉዎቹ እናቶች ገና የእንጀራ እናት አልሆኑም።