«ዲፈረንሻሉ አልቋል፣ ቀይረው» ሲሏችሁ፦ የአሮጌ ፒካፕ ዋይታ ከየት እንደሚመጣ በ5 ሙከራ እንለይ

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ድምፅ ነው።

ከባቱ (ዝዋይ) ወደ አዲስ አበባ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያመላልስ አንድ ወጣት ተከታታያችን በቴሌግራም የ40 ሰከንድ ቅጂ ላከልን። መኪናው በፈረንጆቹ 1996 የተመረተ ባለ 4 በ 4 ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። እስከ 50 ድረስ ሰላም ነው። 60 ላይ «ዊይይይ» ማለት ይጀምራል፣ 80 ላይ ሬዲዮ አያሰማም። ያሳየው ጋራዥ «የኋላ ዲፈረንሻሉ አልቋል፣ ሙሉውን ቀይረው» ብሎታል። የተጠየቀው ብር ከሁለት ወር ገቢው ይበልጣል። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «እውነት እሱ ነው ወይ?»

እኛ መካኒክ አይደለንም። ስለዚህ በሥራው ረጅም ዓመት የቆዩ አንድ መካኒክ ይዘን ወደ መቂ ሄድን። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ለሙከራ ይመቻል። እሳቸው ገና ቁልፍ ሳያነሡ ነው ግማሹን ሥራ የጨረሱት። ለምን ቢሉ፣ ድምፅ በሻንሲው በኩል ስለሚጓዝ ጆሮ «ከኋላ ነው» ሲል ከፊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከየት ነው?» ሳይሆን «መቼ ነው የሚጮኸው?» ነው።

ሙከራ 1፦ ቆሞ
መኪናውን አቁሙ፣ ፎሌ አድርጉ፣ ነዳጅ ስጡ። ድምፁ ቆሞም ከተሰማ ችግሩ ሞተሩ አካባቢ ነው፦ ቺንግያ፣ ዲናሞ ወይም የመሪ ፓምፕ። ፍሪሲዮን ስትረግጡ የሚጠፋ ድምፅ የካምቢዮውን የመግቢያ ኩሽኔታ ያስጠረጥራል። ስትረግጡ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ። የእኛ መኪና ቆሞ ምንም አላለም።

ሙከራ 2፦ እየሄደ ፎሌ
ሜዳና ባዶ መንገድ ላይ 60 ስትደርሱ ለጥቂት ሰከንድ ፎሌ አድርጉ። ሞተር ማጥፋት የለም፣ ቁልቁለት ላይም አይሞከርም፤ ፍሬን ያሳጣችኋል። ድምፁ ከጠፋ ወደ ሞተርና ካምቢዮ ተመለሱ። የሚጮኸው በአንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ ደግሞ የዚያ ማርሽ ጥርስ ይጠረጠራል። ድምፁ ከቀጠለና ከመኪናው ፍጥነት ጋር ቀስ እያለ ከወረደ ግን ጥፋተኛው ከካምቢዮ በኋላ ካሉት አንዱ ነው፦ ትራስሚሲዮን፣ ዲፈረንሻል፣ የጎማ ኩሽኔታ ወይም ራሱ ጎማው። የእኛው ቀጠለ።

ሙከራ 3፦ ነዳጅ መስጠትና መልቀቅ
የኋላ ዲፈረንሻል ጥርስ ሲበላ ብዙ ጊዜ ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ድምፁ ይለዋወጣል። ምክንያቱም የሞተሩ ጉልበት ጥርሱን የሚገፋው አንዴ በአንድ ጎን፣ አንዴ በሌላው ጎን ነው። በእኛ መኪና ግን ነዳጅ ተሰጠ፣ ተለቀቀ፣ ዋይታው ያው ነው። መካኒኩ እዚህ ጋ ነው ፈገግ ያሉት። የሚጮኸው ነገር ይሽከረከራል እንጂ ጉልበት አይሸከምም ማለት ነው።

ሙከራ 4፦ ጎማና ኩሽኔታ
መሪውን በቀስታ ወደ ቀኝ ስትይዙ ክብደቱ ወደ ግራ ጎማ ይሄዳል። ያኔ ድምፁ ከጨመረ የግራውን ኩሽኔታ ጠርጥሩ፣ በተቃራኒውም እንዲሁ። ከአስፋልት ወደ ጠጠር ስትወጡ ድምፁ ከተቀየረ ጎማው ነው። ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ በሽታ አይደለም። የእኛው ሁለቱንም አለፈ።

ሙከራ 5፦ የፊት ሃብ
በእንዲህ ዓይነት አሮጌ ፒካፕ የፊት ጎማ መሐል ላይ በእጅ የሚዞር ሃብ አለ፦ «ፍሪ» እና «ሎክ» የሚል። ሎክ ላይ ከሆነ፣ 4 በ 4 ባታስገቡም እንኳ የፊት ጎማዎቹ የፊት ዲፈረንሻሉንና የፊት ትራስሚሲዮኑን ይዘው ይዞራሉ። ልጁ ክረምት ላይ ጭቃ ሲገባ ሎክ አድርጎት ረስቶታል። ሁለቱንም ፍሪ አድርገን እንደገና 80 ገባን።

ዝም።

የኋላው ዲፈረንሻል ጤነኛ ነበር። የሚጮኸው የፊቱ ነው!

የፊቱ ሲከፈት የዘይት መሙያው ቀዳዳ ላይ ጣት ቢገባ ዘይት አይነካም። ከሥር የወጣው ጥቂት ዘይት ደግሞ የሚያብለጨልጭ የብረት ስባሪ አለው። ዘይቱ በላላ ጎሚኒ ሲንጠባጠብ ከርሞ፣ የፒኞኑ ኩሽኔታ ደርቆ ተበልቷል። ልጁ ጠየቀ፦ «ጋሼ፣ ዘይት ብቻ ሞልቼበት እስከ ፋሲካ ባዘግየውስ?» መልሳቸው፦ «የተበላ ኩሽኔታ በዘይት አይድንም ልጄ። በፍጥነት ላይ ቢነክስ ጎማው ይታሰራል፤ ያኔ ቲማቲሙን ሳይሆን አንተን ነው የሚያነሡህ።» ኩሽኔታዎቹና ጎሚኒው ተቀየሩ። ሙሉ ዲፈረንሻል መግዛት አላስፈለገም።

ስልካችሁ ምን ይጠቅማል?
ቅጂውን የሚቀዳው ሾፌሩ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ሰው ይሁን። በአንድ ፍጥነት፣ ለምሳሌ 60 ላይ፣ አንዴ ከፊት ወንበር ሥር፣ አንዴ ከኋላ ቅዱና አወዳድሩ። ቆንትራው ከተበላሸ ፍጥነቱን በጂፒኤስ እዩ። ድምፅን በኸርዝ የሚለኩ ነፃ አፖችም አሉ። ጥርሱ 41 ለ 10 የሆነ ዲፈረንሻልና ዙሪያው 2.3 ሜትር ገደማ የሆነ ጎማ ካላችሁ፣ በ60 ኪሎ ሜትር ጎማው በሰከንድ 7 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህ በ41 ሲባዛ ወደ 300 ኸርዝ ይመጣል። ዋይታው እዚያ አካባቢ ከሆነ ጣታችሁን ወደ ዲፈረንሻል ጥርስ ጠቁሙ። የጎማ ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ወፍራም ነው፣ «ጉርርር» ይላል።

ከመሰናበታችን በፊት
ዘይት ስትቀይሩ መጀመሪያ የላይኛውን መሙያ ክፈቱ። እሱ እምቢ ካለና የታችኛውን ቀድማችሁ ካፈሰሳችሁ መኪናው ያለ ዘይት ቀረ ማለት ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ በጭቃ ሲደፈን ደግሞ በውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ዘይቱን በጎሚኒው ያስወጣዋል፣ እሱንም አጽዱ። የሞተር ዘይት ዲፈረንሻል ውስጥ አይገባም፤ ለእነዚህ ጥርሶች የሚሆነው ጂኤል-5 የሚል ነው። 4 በ 4 አስገብታችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ ደግሞ ጠጠር ወይም አፈር ላይ እንጂ ደረቅ አስፋልት ላይ አይሁን።

ጋራዥ ስትሄዱ «ይጮኻል» ብቻ አትበሉ። «60 ላይ ይጀምራል፣ ፎሌ ሳደርግ ይቀጥላል፣ ሃቡን ፍሪ ሳደርግ ይጠፋል» በሉ። እንዲህ ለሚል ሰው ያልተበላሸ ዕቃ መሸጥ ከባድ ነው።

አሮጌ ፒካፕ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። የናንተ መኪና ምን ይላል? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።