ልጁን ማን ይያዘው?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በግል ድርጅት የምትሠራ እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። ቀደም ሲል የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ስለነበር መሻሻሉ አይካድም። ሆኖም ሕፃኑ ከታሰበው ቀን ቀድሞ ከመጣ የቅድመ ወሊዱ ፈቃድ እዚያው ያበቃና የድኅረ ወሊዱ መቆጠር ይጀምራል። ስለዚህ ነገሩ የገባት እናት የዓመት ፈቃዷን ሳትነካ ታቆየዋለች። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው። እሱም ተጨምሮ ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑ አራት ወር አይሞላውም። የጤና ባለሙያው ግን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ሌላ ምንም እንዳትሰጪው ብሎ ነው የሸኛት። የአባትየው ፈቃድ ሦስት ተከታታይ ቀን ነው፤ የአራሷ ገንፎ ተበልቶ ሳያልቅ ቢሮ ይገባል።

ለዚህ ክፍተት የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሲጠቀምበት የኖረው መፍትሔ ሁለት ነበር። አንደኛው አያት ናት። ከክፍለ አገር ትመጣና ክርስትናውን አድርሳ፣ ልጁ ድክ ድክ እስኪል ትቆያለች። ሁለተኛው ከገጠር የምትመጣ የዘመድ ልጅ ናት፤ “እናስተምራታለን” ተብላ ትመጣለች፣ የማታ ትምህርት ትመዘገባለች፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ከክፍል ትቀራለች። እኛ በርካሽ አደግን የምንለው ሰዎች ሒሳባችን በማን ትምህርት እንደተወራረደ ብዙም አንጠይቅም። ዛሬ ያቺ ልጅ ወይ ፋብሪካ ገብታለች ወይ ዓረብ አገር ሄዳለች። አያትም ብትሆን የራሷ ሱቅ፣ የራሷ ዕቁብ፣ የራሷ የጉልበት ሕመም አላት።

የቀረው በደላላ የምትመጣ ሞግዚት ናት፤ አዳሪ ወይም ተመላላሽ። ተያዥ አላት ወይ ተብሎ ይጠየቃል፣ መታወቂያዋ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ሕፃኑና እሷ በተዘጋ ቤት ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ይውላሉ። ጥሩ ከሆነች እንደ እሷ ያለ የለም። ነገር ግን በግለሰብ ቤት የምትሠራ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ አትሸፈንም፤ የሥራ ሰዓቷም ዕረፍቷም በአሠሪዋ ፈቃድ ያደረ ነው። እንዲህ የተያዘች ሠራተኛ የተሻለ ባገኘች ማግስት ብትሄድ አይፈረድባትም። እናትየው ግን ሰኞ ጠዋት አለቃዋ ጋ ደውላ ልትቀር ነው።

የሕፃናት ማቆያ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ከጥያቄውም ጋር ሒሳቡ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተስተካከለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላት ጀማሪ መነሻዋ 11,500 ብር ነው። የሥራ ግብሩና 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ እጇ የሚገባው 8,600 ብር አካባቢ ነው። ማቆያው በወር 5,000 ይጠይቃል እንበል። ለዳይፐርና ለትራንስፖርት 2,000 እናስብ። የሚተርፈው 1,600 ብር ነው። የዱቄት ወተት ከተጨመረ እሱም የለም፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ የደረሰበትን ዋጋ ወላጅ ያውቀዋል። “ለዚች ብዬ ነው ልጄን ለባዳ ጥዬ የምወጣው?” የሚለው ክርክር የሚነሳው ከዚህ ስሌት ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚያሸንፈው እሱ ነው።

ስሌቱ ላይ ግን አንድ ነገር ደባል ገብቷል። ልጁ የሁለት ሰው ሆኖ ሳለ የማቆያው ክፍያ ከእናትየው ደመወዝ ብቻ ነው የሚቀነሰው። ባሏ ተመሳሳይ ደመወዝ ቢኖረው 5,000 ብሩ ከሁለቱ ገቢ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ሥራውን ስትተው የሚቀርባትም የወሩ 1,600 ብር ብቻ አይደለም። የአገልግሎት ዘመኗ ይቋረጣል፣ የጡረታ መዋጮዋ ይቆማል፣ የዕድገት ተራዋ ያልፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለስ የምትወዳደረው አምና ከተመረቁት ጋር ነው።

ይህ ግን ዲግሪ ላላቸው ባልና ሚስት የሚሠራ ሒሳብ ነው። የመንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ነው፤ ግብሩና ጡረታው ሲቀነስ 4,900 አይደርስም። ለዚያች እናት የ5,000 ብር ማቆያ በየትኛውም አቆጣጠር አያዋጣትም። ይባስ ብሎ በማቆያው ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ የምትይዘው ሞግዚት ራሷ የምትገኘው እዚሁ ገደማ ነው። የራሷን ልጅ እዚያው ማስገባት አትችልም።

ታዲያ ዋጋው ለምን አይቀንስም? ዋናው ወጪ ክንድ ስለሆነ ነው። አንዲት ሞግዚት በወር 6,000 ብር ተከፍሏት አራት ሕፃናት ብትይዝ ለእሷ ደመወዝ ብቻ ከእያንዳንዱ ልጅ 1,500 ብር ይወጣል። ስምንት ብትይዝ 750 ይሆናል። ማቆያው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ከሆነ ደግሞ በአንድ ሰው ፈረቃ አይሸፈንም። በዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ምግብ አለ። ስለዚህ ባለቤቷ ዋጋ ለመቀነስ ያላት ቀላሉ መንገድ የሕፃናቱን ቁጥር መጨመር ነው። ወላጅ ግን ርካሹ ማቆያ ውስጥ ሲገባ የሚያየው ቀለሙን፣ ካሜራውን፣ ግድግዳው ላይ የተሳለችውን ቀጭኔ ነው።

ገርጂ አካባቢ በተከራየ ቪላ ውስጥ ያለ አንድ ማቆያ ገብቼ ነበር። ሳሎኑ የጨቅላዎቹ ነው። ጡጦዎቹ በፍሪጁ ውስጥ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ በፕላስተር ስም ተለጥፏል። አንዲት ሞግዚት አንዱን በአንቀልባ አዝላ፣ ሌላውን በክንዷ ይዛ ጡጦ ታጠባለች፤ ሦስተኛው ፍራሹ ላይ ሆኖ እያለቀሰ በእግሯ ጣት ታባብለዋለች። ቴሌቪዥኑ ማንም ላያየው ካርቱን ያሳያል። ሴትየዋ ሥራዋን አላጓደለችም፤ ያነሳት እጅ ነው። በሩ አጠገብ ካለው ደብተር ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። የትኛው ሕፃን ስንት ሰዓት ጠባ፣ ስንቴ ዳይፐሩ ተቀየረ፣ ምን ያህል ተኛ የሚለው በእርሳስ ተጽፏል። በሥራ ብዛት የሚዘለል መስመር ግን አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 ሰዓት በኋላ ያለው።

ጥራት የሚታየው እንዲህ ባለው ነገር ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ አለ ወይ? ዳይፐር የሚቀይረው እጅ ጡጦ ከመያዙ በፊት ይታጠባል ወይ? ታልቦ የመጣ የእናት ጡት ወተት ከፍሪጅ ውጭ ከአራት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ሕፃኑ በጀርባው ነው የሚተኛው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁን ዛሬ የተቀበለችው ሴት ከሦስት ወር በኋላም ትኖራለች ወይ? ጨቅላ አንድን ሰው ለምዶ ነው የሚረጋጋው። ሞግዚት በየወሩ የሚቀየርበት ማቆያ ካሜራው ቢበዛ ትርጉም የለውም።

የሌላ አገር ልምድም ሁለት ነገር ያሳያል። ናይሮቢ ውስጥ በኮሮጎቾ ሰፈር በተደረገ ጥናት የማቆያ ክፍያ ድጎማ ያገኙ እናቶች ሥራ የመያዝ ዕድላቸው ካላገኙት በ8.5 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ብሏል። የካናዳዋ ኩቤክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 በቀን 5 ዶላር የሚከፈልበት ማቆያ ስትጀምር እናቶች በብዛት ሥራ ገቡ። ነገር ግን ቤከር፣ ግሩበርና ሚሊጋን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ልጆቹ ላይ ጭንቀትና ቁጡነት ጨምሮ አግኝተዋል። ስለዚህ ርካሽ ማድረግ እናትን ይጠቅማል፤ ልጁን የሚጠቅመው ውስጥ ያለው አያያዝ ነው። ሁለቱን በአንድ ድጎማ እናገኛለን ብሎ ማሰብ የዋህነት ይመስለኛል።

እኛ አገር የሕግ መነሻ አልጠፋም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ሕፃናቶቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። በየሚኒስቴሩ ግቢ የተከፈቱት ማቆያዎች ለገቡባቸው እናቶች ትልቅ እፎይታ ናቸው። እናት በምሳ ሰዓት ወርዳ ታጠባለች፣ የታክሲ ግፊያም በአንድ ጊዜ ይቀራል። 1156/2011 ግን በግል አሠሪ ላይ እንዲህ ያለ ግዴታ አልጣለም። ባንኩ፣ ሆቴሉ፣ የልብስ ፋብሪካው የፈለገ ይከፍታል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ሃያ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ማቆያ ክፈት ቢባል ደግሞ ሴት መቅጠር ነው የሚያቆመው። በአንድ ሕንፃ ያሉ አምስት ድርጅቶች አንዱን ወለል ተጋርተው፣ ወጪው ከግብር የሚቀነስ ወጪ ሆኖ ቢያዝላቸው ግን ጉዳዩ ይቀላል።

ገንዘቡ የት ይግባ ከተባለ መልሱ ጠባብ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቅድመ አንደኛ ደረጃ አለ። ከሁለት እስከ አራት ያለው ልጅ ብዙ ክንድ አይፈልግም፤ ቤተሰብም በሆነ መንገድ ይወጣዋል። ወላጅ ብቻውን የማይችለው ከአራተኛው ወር እስከ ሁለተኛ ዓመቱ ያለውን ነው። ድጎማውም ለሕንፃና ለቀለም ከሚውል ይልቅ በቀጥታ ለሞግዚቶቹ ደመወዝ ቢውል፣ አንዷ ከአራት ሕፃን በላይ እንዳትይዝ ቅድመ ሁኔታ ተደርጎ ቢሰጥ፣ ዋጋውና ጥራቱ አብረው መነካት ይጀምራሉ።

የሰዓቱ ነገርም አለ። የመንግሥት ቢሮ 11፡30 ይዘጋል፣ ማቆያውም ከሱ ጋር ይዘጋል። የማታ ተረኛዋ ነርስ፣ የፋብሪካዋ የሁለተኛ ፈረቃ ሠራተኛና ሌሊት ዳቦ የምትጋግረው በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ እስካሁን ስማቸው አልተነሳም።