ጉርሻ የማይወደው ዘንዶ

ቦል ፓይተን የሚባለው የዘንዶ ዝርያ በየአገሩ ሰው ቤት ውስጥ ከሚያሳድጋቸው እባቦች መካከል በብዛት ከሚገኙት አንዱ ነው። የትውልድ አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ሲሆን ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ድረስ በሣር ሜዳና በእርሻ ዳር፣ ሌሎች እንስሳት ቆፍረው በተዉት ጉድጓድ ውስጥ ይኖራል። በቤኒን የባሕር ዳርቻ ከተማ በዊዳህ የዘንዶዎች ቤተ መቅደስ አለው፤ በዚያ አካባቢ የሚከበር እንጂ የሚገደል ፍጡር አይደለም። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ደግሞ በየዓመቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ግልገሎች ለገበያ ወደ ውጭ ይላካሉ። በእኛ አገር ቆላ የሚገኘው ትልቁ ዘንዶ ዘመዱ ነው። ያኛው ከ4 ሜትር ሊያልፍ ሲችል ይህኛው ሲጎለምስ ከ1 ሜትር ተኩል እምብዛም አይበልጥም። መርዝ የለውም። ሲፈራ ጭንቅላቱን በጥምጥሙ መሃል ሸሽጎ እንደ ኳስ (ቦል) ድቡልቡል ይሆናል፤ የእንግሊዝኛ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው።

እባብ ማሳደግ በኢትዮጵያ ልማድ አይደለም። አሜሪካና አውሮፓ የሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ግን ጓደኛቸው ቤት አይተው «ለእኔም ይገዛልኝ» ቢሉ አይገርምም። ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይነክሳል ወይ?» ብሎ ነው። እባቡ ቤት ከገባ በኋላ የሚያስጨንቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ «ለምን አይበላም?»

እኛ ፍቅራችንን በጉርሻ እንገልጻለን፤ እንግዳው በቃኝ ሲል አንዲት ብቻ ብለን እንለምናለን። ይህን ደግነት ይዞ ወደ እባብ ሳጥን መጠጋት ጉዳት አለው። እባብ የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው ስለሚያገኝ እንደ እኛ በየሰዓቱ ምግብ የሚያቃጥል ምድጃ የለውም። በልቶ ሳምንት መክረም ተፈጥሮው ነው። በግልገል ዘንዶ ላይ ከሚደርሱት የአመጋገብ አደጋዎች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከመጋቢው ጥድፊያ ነው፤ በጣም ትልቅ ምግብ፣ በጣም ቶሎ ቶሎ፣ በረዶው በደንብ ሳይቀልጥ፣ ሳይታሰብበት።

ግልገሉ ከእንቁላል ሲወጣ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ግራም ነው። ለጥቂት ጊዜ ሆዱ ውስጥ የቀረው የእንቁላል አስኳል ይበቃዋል፤ የመጀመሪያ ቆዳውን ከቀየረ በኋላ ነው ምግብ የሚፈልገው። የምግቡ መጠን የሚወሰነው በግልገሉ ክብደት ስለሆነ ከምግቡ በፊት የሚገዛው ዕቃ የኩሽና ሚዛን ነው። በተለምዶ ለግልገል የሚመረጠው ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚመዝን ምግብ ነው፤ 80 ግራም ለሚመዝን እባብ ከ8 እስከ 12 ግራም የሚሆን፣ ጸጉር ያወጣ የአይጥ ግልገል ማለት ነው። ሚዛን ከሌለ በዐይን ይለካል፤ የአይጡ ውፍረት ከእባቡ ወገብ ውፍረት እምብዛም መብለጥ የለበትም። ይህ በየ5 ወይም በየ7 ቀኑ አንድ ጊዜ ይሰጣል። ሲያድግ አይጡም ይተልቃል፣ ቀኑም ይራራቃል።

አይጡ የሞተና ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ሆኖ የተቀመጠ ቢሆን ይመረጣል። በሕይወት ያለ አይጥ ጥርስ አለው፤ እባቡ ካልራበው ወይም ከፈራ አይጡ ዞሮ እሱን ይበላል። አይጥ አብሯቸው አድሮ ጀርባቸው እስከ አጥንት የተጋጠ እባቦች ወደ እንስሳት ሐኪም ይመጣሉ።

በረዶው የሚሟሟው ቀስ ብሎ ነው። አይጡ በላስቲክ ታሽጎ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ከመሰጠቱ በፊት ከነላስቲኩ በሙቅ ውኃ ይነከራል፤ ውኃው መፍላት የለበትም። ከዚያ ሆዱ በጣት ጫን ተደርጎ ይፈተሻል። መሃሉ ጠጣር ከሆነ ገና በረዶ ነው፤ እንዲያ የዋጠ እባብ ሊያስመልሰው ይችላል። ማይክሮዌቭ አይታሰብም፤ አንዱን ጎን አብስሎ ሌላውን በረዶ ይተወዋል፣ ሆዱም ይፈነዳል። ሙቀቱ ወደ 38 ዲግሪ ሲጠጋ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ዘንዶ በከንፈሩ ዳር በተደረደሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ሙቀት ያያል። ቀዝቃዛ አይጥ ለእሱ ድንጋይ ነው።

ምግቡ የሚቀርበው ሲመሽ፣ መብራቱ ደብዘዝ ሲል፣ በረጅም መቆንጠጫ ተይዞ ነው። በእጅ አይሰጥም፤ አይጥ አይጥ የሚሸት ጣትና አይጥ በእባብ ዘንድ ልዩነት የላቸውም። መቆንጠጫው አይጡን ከጅራቱ በኩል ይዞ ከመሸሸጊያው ደጃፍ ጥቂት ራቅ ብሎ ቀስ እያለ ያንቀሳቅሰዋል።

ቀጥሎ የሚሆነው ፈጣን ነው። ምላሱ ሁለት ሦስቴ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ አንገቱ ይታጠፋል፤ ከዚያ ዐይን ሳይከተለው አይጡ በጥምጥሙ መሃል ይገኛል። የሞተ ቢሆንም ያንቀዋል፤ ልማዱ ነው። ፋታ ወስዶ ይፈታውና በአፍንጫው እየዳሰሰ የአይጡን ጭንቅላት ይፈልጋል፤ ከጭንቅላት ሲጀምር ጸጉሩና እግሩ ወደ ኋላ ስለሚተኛ ለመዋጥ ይቀላል። የታችኛው መንጋጋው ግራና ቀኝ ከፊት በአጥንት አልተጋጠመም፤ በሚለጠጥ ጅማት ነው የተያያዘው። ስለዚህ መንጋጋው ይወልቃል የሚባለው ትክክል አይደለም። የግራው ሲይዝ የቀኙ እየተራመደ፣ የቀኙ ሲይዝ የግራው እየተራመደ አይጡን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። አፉ ሞልቶ ሳለ አይታፈንም፤ የመተንፈሻ ቧንቧው ጫፍ ከአፉ ሥር ወደ ፊት ወጣ ብሎ አየር ይስባል። በዚህ ሰዓት ሊረዳው እጁን የሚሰድ ሰው ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም።

ከዋጠ በኋላ ቢያንስ 2 ቀን አይነካም። አይጡን የሚፈጨው ሙቀት ነው፤ የሳጥኑ አንድ ጎን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ሌላው ጎን ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን እንደ ፍላጎቱ ይዘዋወራል። ማሞቂያው በቴርሞስታት ካልተገታ ግን ሆዱን ሊያቃጥለው ይችላል። ቅዝቃዜ ወይም ቶሎ መነካካት ካስመለሰው ጨጓራውና ጉሮሮው ተጎድተዋል፤ በማግስቱ ሌላ አይጥ መስጠት ጉዳቱን ያባብሰዋል። ንጹሕ ውኃ ብቻ እያገኘ ከ10 እስከ 14 ቀን ያርፍና ከቀድሞው ባነሰ አይጥ ይጀምራል። ሁለተኛ ጊዜ ካስመለሰ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

እምቢ ካለስ? ቦል ፓይተን በጾም የታወቀ ነው። ዐይኑ ደፍርሶ ወደ ሰማያዊ ካደላ ቆዳ ሊቀይር ነውና እስኪቀይር ይጠበቃል። አዲስ ቤት የገባ ከሆነ አንድ ሳምንት ሳይነካካ ይተዋል። ሌላ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ ዝቅ ብሏል፣ አየሩ ደርቋል፣ ወይም ሰውነቱን ግጥም አድርጎ የሚሸሽግ መደበቂያ የለውም። ያልተበላው አይጥ ይጣላል፤ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም። ቀጣዩ ሙከራም ከ5 ቀን በፊት አይደረግም። ሚዛኑ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ክብደቱ ካልቀነሰ ጾሙ አያሳስብም፤ አንድ አሥረኛውን ያህል ካጣ ወይም የጀርባ አጥንቱ ሾል ካለ ወደ እንስሳት ሐኪም ይኬዳል። አፉን ከፍቶ ማጉረስ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ባልለመደ እጅ መንጋጋና ጥርስ ይሰብራል።

የሰዎቹም ደህንነት አለ። እባቦችም መኖ አይጦችም ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ፤ በረዶም አይገድለውም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የታየ አንድ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ከበረዶ አይጥ ጋር መያያዙን የጤና ባለሥልጣናት ደርሰውበታል። ስለዚህ አይጡ የሚሟሟበት ዕቃ ለዚያው ብቻ ይለያል፣ እንጀራና ወጥ ከሚቀመጥበት ይርቃል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እባቡንም አይጡንም ባይነኩ ይመረጣል።

በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት እ.ኤ.አ. በ1961 የተቀበላት አንዲት ቦል ፓይተን በ2020፣ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗት ሳለ፣ እንቁላል ጥላለች። ለልጅ እባብ የሚገዛ ወላጅ ይህን ያስብበት፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አይጥ የሚያሟሟው ወላጁ ነው። ይህን ያህል ዕድሜ ላለው እንስሳ አንድ የተዘለለ ሳምንት ምንም ማለት አይደለም። ቀኑን፣ ክብደቱን፣ የበላውንና እምቢ ያለበትን ቀን በደብተር የሚመዘግብ ባለቤት መቼ መታገሥ፣ መቼ ደግሞ ሐኪም ጋ መደወል እንዳለበት ከደብተሩ ያነባል።