የተጎታች ቤት የጥላ ሸራ አቀያየር

በሰሜን አሜሪካ ለእረፍትና ለሽርሽር በመኪና የሚጎተቱ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ በበራቸው በኩል የሚዘረጋ የጥላ ሸራ አላቸው። የሸራው አንድ ጠርዝ በግድግዳው ላይ በተገጠመ የአሉሚኒየም ቦይ ይያዛል፤ ሌላው ጠርዝ ሁለት ክንዶች በተሸከሙት ቧንቧ ላይ ይጠቀለላል። ክንዶቹና ቧንቧው ደህና ከሆኑ ሸራውን ብቻ መለወጥ ይበቃል።

ሸራውን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ፀሐይ ነው። ብዙዎቹ ሸራዎች የሚሠሩት በፖሊስተር ክር ላይ ከተለበጠ ቪኒል፣ ማለትም ከፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በባሕርይው ግትር ሲሆን የሚተጣጠፈው ማለስለሻ ኬሚካል ሲጨመርበት ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር የፒቪሲን ሞለኪውሎች ሲያፈርስ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይወጣል፣ ቀለሙም ይወይባል። ሙቀት ደግሞ ማለስለሻውን ቀስ በቀስ ያሳጣዋል፤ ሸራው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ተጠቅልሎም ቢሆን መከለያ የሌለው ሸራ የላይኛው ዙር ለፀሐይ ስለሚጋለጥ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ እዚያ ይጀምራል። ግሌን ሬቨን የተባለው ኩባንያ በ1961 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ሰንብሬላ የአክሪሊክ ጨርቅ ነው። ቀለሙ ከክሩ ውስጥ ስለሆነ ቶሎ አይለቅም፣ አየርም ያሳልፋል። ቪኒል ግን ውኃ ፈጽሞ አያስገባም፤ ዝናብ ለሚበዛበት አገር የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

የሥራው አደገኛ ክፍል ጨርቁ ሳይሆን በቧንቧው ውስጥ ያለው ሞላ ነው። በእጅ በሚዘረጉ ሸራዎች ቧንቧውን መልሶ የሚጠቀልለው ይህ የተጠመዘዘ ሞላ ነው። ሞላ የሚያከማቸው ጉልበት ከተጠመዘዘበት መጠን ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ዙሩ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ክንዱ ከቧንቧው ከመለየቱ በፊት ሞላው በብረት ካስማ መቆለፍ አለበት። ሳይቆለፍ ከተፈታ የቧንቧው ጫፍ በድንገት ይሽከረከራል፣ ጣትም ይሰብራል።

ሞላው ከተቆለፈ በኋላ ቧንቧው ከነሸራው ይወርዳል፤ አሮጌው ሸራም በቦዩ በኩል ወደ ጎን ተስቦ ይወጣል። ሞላው በጥንቃቄ ሲላላ ዙሩን ቆጥሮ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ሲመለስ የሚጠመዘዘው በዚያው ቁጥር ነው። የግራና የቀኝ ሞላዎች የሚጠመዘዙበት አቅጣጫ ተቃራኒ ስለሆነ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል።

አዲሱ ሸራ ከመግባቱ በፊት ቦዩ ይጸዳል፣ የመግቢያው ስለታም ጠርዝ በሞረድ ይለሰልሳል፣ ሲሊኮንም ይረጭበታል። አንድ ሰው መሰላል ላይ ሆኖ ጠርዙን ወደ ቦዩ ሲመራ ሌላው በእኩል ፍጥነት ይስባል፤ ሦስተኛ ሰው ቧንቧውን ቢይዝ ሥራው በእጅጉ ይቀላል። ሸራው መሃል ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ በኋላ እንዳይንሸራተት በቦዩ ሁለት ጫፎች በትናንሽ ብሎኖች ይያዛል። በመጨረሻም ሞላው ተጠምዝዞ ክንዶቹ ይታሰራሉ፣ ሸራውም ሁለት ሦስት ጊዜ ተዘርግቶ ይጠቀለላል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጨርቁ ከመሃል ወጥቷል ወይም የሁለቱ ሞላዎች ዙር እኩል አይደለም።