ፖሊስና ሳቅ

ፖሊስ ጣቢያ ሰው የሚጨነቅበት እንጂ የሚስቅበት ቦታ አይመስልም። ዳሩ ግን «ብሩክሊን ናይን ናይን» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጨዋታ፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ2013 እስከ 2021፤ የኒው ዮርክን ፖሊሶች በሥራቸው ላይ ሲቀላለዱ እያሳየ ሕዝብን አስቋል። ሆኖም በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ በተገደለ ጊዜ፤ ደራሲዎቹ ጽፈው ያዘጋጇቸውን 4 ክፍሎች ጥለው እንደ ገና ጀመሩ።

የዚህን ምክንያት የቢቸናና የሞጣ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ታውጆ ገበሬው አልቀበልም ባለ ጊዜ፤ የመጣበት የታጠቀ ኃይል ነበረ። መሣሪያ ያዡን በዚህ መልኩ ያወቀ ሰው በቀልዱ ለመሳቅ ይከብደዋል። እንግዲህ ፖሊስን የሚያስወድደው የተጫዋች ብልሃት ሳይሆን የቀና አገልግሎት ነው፤ ፍርድ ከቀደመ ሳቁ ይከተላል።