እኩል ሥራ፣ እኩል ክፍያ፦ ልዩነቱ ከወዴት ይመጣል?

ሴትና ወንድ በአንድ ማሳ ላይ እኩል አርመው፣ እኩል አጭደው ሲውሉ የቀን ሂሳባቸው ሊለያይ ይገባልን?

ሕጉ አይገባም ይላል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 35ም በቅጥር፣ በሥራ ዕድገትና በክፍያ እኩልነታቸውን ያረጋግጣል። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 መሠረቱ ይኸው ነው።

ሕጉ እንዲህ ግልጽ ከኾነ ልዩነቱ ለምን አይጠፋም?

ለዚህ ጥያቄ ዘመናቸውን የሰጡት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ክላውዲያ ጎልዲን በ2023 እ.ኤ.አ የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ተመራማሪዋ የ200 ዓመታት የአሜሪካ መረጃዎችን መርምረዋል። በቀደሙት መዛግብት ከባሏ ጋር በእርሻ ላይ የምትውል ሴት ሥራዋ “ሚስት” ተብሎ ብቻ ይመዘገብ እንደነበር አሳይተዋል። ያልተመዘገበ ድካም ደግሞ ዋጋ አይተመንለትም።

ቀደም ሲል የክፍያው ልዩነት በአብዛኛው ከትምህርትና ከሙያ ዓይነት የሚመነጭ ነበር። ዛሬ ግን በበለጸጉት ሀገራት ልዩነቱ በአብዛኛው የሚታየው በአንድ ሙያ በተሰማሩ ወንዶችና ሴቶች መካከል ነው። ሲጀምሩ ተቀራራቢ የነበረው ደመወዝ የመጀመሪያው ልጅ ከተወለደ በኋላ ይራራቃል። ብዙ አሠሪዎች በማንኛውም ሰዓት ሲጠሩት ለሚገኝ ሠራተኛ አብልጠው ይከፍላሉ፤ ልጅ የማሳደጉ ኀላፊነት ደግሞ በአብዛኛው በእናት ትከሻ ላይ ያርፋል።

በእኛም ሀገር የወሊድ ፈቃድ ከክፍያ ጋር የሚያያዘው በዚህ ምክንያት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናትን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የልጅ እንክብካቤ ግን ለቤተሰቡ የተተወ ነው። ባል ሸክሙን ካልተጋራ የሚስት ገቢ ይቀንሳል፤ የሚጎድለውም ከአንድ ቤት መሶብ ነው።

ተቀጣሪዎች ራሳቸውን ለመጠበቅ ማወቅ የሚገባቸው ነገር አለ። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የደመወዝ ጥያቄም መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወራት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። መብት በጽሑፍ ሲያዝና በጊዜው ሲጠየቅ ይከበራል።